ሲቆም የሚጠፋው ሞተር

ለተወደዱት አባቴ፣

ሰላምታዬ ከደጃፉ አልፎ እስከ አልጋዎ ይድረስልኝ። እንዴት ነዎት? ዓይንዎስ? ፋሻው ተነሳልዎ? ብርሃኑ ያቃጥልዎታል? ምግብስ ይበላልዎታል? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን። ፊደሉን እንደ ሕፃን ደብተር ያተለቅሁት ለማንም ሳይሰጡ ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። አጎቴ ደውሎ የራሱን ሳይነግርዎ ከእኔ ይስሙ፦ ለመኪናው ያመጣውን ገዢ መለስኩት።

እርስዎ ለሕክምና ከሄዱ ወዲህ ጡብ የማመላልሰው እኔ ነኝ። መኪናው ሲሄድ ደህና ነው። ቆሜ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ግን፣ ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል፤ ከዚያ ድርግም። ባለፈው ሳምንት ጡብ እንደጫንኩ መስቀለኛ መንገድ መሃል ጠፋብኝ። ቁልፉን ባዞር ባዞር እምቢ አለ። ከኋላዬ ክላክሱ ቀለጠ። አንድ ባለታክሲ አጠገቤ መጥቶ «እህቴ፣ ይሄን ለብረት ለቃሚ ስጪውና እኛም እንለፍ» አለኝ። ሳቅሁለትና ቁልፉን መልሼ አዞርኩ።

መካኒካችን ዝምተኛው ናፍታ የሚያጣራውን ፊልትሮ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ናፍታ የሚገፋው ፖምፓ ሳያልቅ አልቀረም አለ። አጎቴ ይህችን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ «አባትሽ ካለቀለት ይሸጥ ብለውኛል» ብሎ በማግስቱ ገዢ ፈለገ።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ምሳዬን ቆሜ በላሁ፣ መኪናውን ዞርኩት፣ መልሼ ዞርኩት። እናቴ ጎማው አይሸሽም፣ ተቀመጪ ትለኛለች። ስዞር ስዞር ግን አንድ ነገር መጣልኝ፦ ታንከሩ ሙሉ በሆነ ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ የሚያስቸግረኝ ናፍታው ከግማሽ ሲወርድ ነው። ሮጬ ለዝምተኛው ነገርኩት። ጥቂት አሰበና ከታንከሩ ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ቀጠለበት። ሞተሩን ስናስነሳ ቱቦው አረፋ በአረፋ ሆነ። ከዚያ ታንከሩን ትቶ በአዲስ ቱቦ ከጄሪካን አጠጣው፤ ሞተሩ ተረጋግቶ ዞረ። ፖምፓው ጤነኛ ነው፣ አባባ። ናፍታው ሲጎድል መስመሩ አየር እየሳበ ነበር።

መኪናው ሥር ገብቼ ቱቦውን እየዳበስኩ ሄድኩ። ከሻንሲው ብረት ጋር በሚፋተግበት በኩል ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። አስተሳሰሩ የእርስዎ ነው፤ የሽቦ ጫፍ ሰው እንዳይወጋ ወደ ውስጥ የሚያጥፍ ሌላ ሰው አላውቅም። ስንጥቁ ግን ፕላስተሩ ሥር አልነበረም። አንድ ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነበር።

እንግዲህ ቱቦው መሰንጠቁን ያውቁ ነበር። ፈለጉት፣ ግን አላዩትም። ዓይንዎ ለእኛ ከመንገርዎ ብዙ ቀደም ብሎ ደክሞ እንደነበር እዚያው በጀርባዬ እንደተኛሁ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ሆነው የነዱበትን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ዝምተኛውም አይቷል፤ ቱቦውን ቀይሮ አሮጌውን ማንም እንዳያየው ኪሱ ከተተ። እኔም ለእናቴ አልነገርኳትም።

ትናንት ገዢው ሲመጣ ሞተሩ ግቢ ውስጥ እየሠራ ነበር። ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና አጎቴን አሁኑኑ እንጨርስ አለው። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ መኪናው አይሸጥም አልኩ። አጎቴ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ቸኩዬ ይሆናል። ይቆጡኝ፣ እችለዋለሁ። መልስዎን ግን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ይላኩልኝ፤ እስኪደርሰኝ ሥራዬ ቁጭ ብድግ ነው። እኔ ልንዳው፣ እርስዎ ከጎኔ ይቀመጡ፤ የምለምንዎ ይህንን ነው።

ወንድሜን ይሳሙልኝ፤ ሚስቱን ስለ ማስታመሟ እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ። ትንሿ ልጃቸው መነጽርዎን እንዳትሰብር። እናቴ ዓይንዎን በእጅዎ እንዳያሹ ብላለች፤ ሁለቴ ጻፊው ስላለችኝ፣ አይሹት።

ልጅዎ

ከቤታችን በር ላይ፣ ጋቢናው ውስጥ
ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን