አረንጓዴውን ነጥብ በዓይኔ እንድከተል ላዘዙኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታል ጥየቃ ቀጠሮ ድረ ገጽ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ሠራተኞችስ? ሁሉም ደኅና እንዲሆኑልዎ እመኛለሁ። በተለይ ዓይንዎን ክፉ እንዳይነካው ከማንም አብልጬ እመኝልዎታለሁ፤ እርስዎ ባሠሩት ድረ ገጽ ላይ ማየት የተሳነው ሰው ምን እንደሚገጥመው በሚገባ አውቃለሁና። እኔን የጠየቁ እንደሆነ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬም በሰዓቱ እገባለሁ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከእኔ ግን እስካሁን ጠብ አላለም፣ የት እንደሄደም አላውቅም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የለቅሶ ደብዳቤ ነው ብለው ሳይሠጉ ረጋ ብለው ሊያነቡት ይችላሉ።

ማንነቴን ላስተዋውቅዎ። ከተወለድኩ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ። በፍርድ ቤት ውስጥ በችሎት የተቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ በጽሑፍ የምገለብጥ ሠራተኛ ስሆን፣ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ኮምፒውተሬ ላይ ስክሪን ሪደር የሚባል፣ ገጹ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም አለ፤ ከመልመዴ የተነሣ አጠገቤ ያለ ሰው አንድ ቃል እንኳ በማይለይበት ፍጥነት አስነብበዋለሁ። ይህን የምነግርዎ ለመኩራራት አይደለም። ይቺ ሴት ኮምፒውተር ስለማታውቅ ነው ብለው እንዳይጽናኑ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ቀን እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። የተኛችበት ክፍል ስልክ መያዝ የማይፈቀድበት በመሆኑ ድምፅዋን ልታሰማኝም ሆነ ድምፄን ልትሰማ የምትችለው አጠገቧ ስቀመጥ ብቻ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደ ሥራ ልማዴ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ ሰልፍን ስላስቀሩልን አመሰግናለሁ። ሐሙስ ዕለት ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ክንዴን ይዞ፣ በሩ በእሱ እጅ እንዳልሆነ፣ አሁን ሁሉም ነገር በኢንተርኔት እንደሆነ፣ ኮድ ያልያዘ ጠያቂ ቢያስገባ እንጀራው እንደሚቆረጥ በትሕትና አስረድቶኝ መንገዱን አሻግሮ መለሰኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሁለት ጊዜ «አይዞሽ እህቴ» ብሎኛል። ድሮ ግን ሰልፍ በነበረ ጊዜ ከፊቴ የቆመው ሰው ጀርባ ነበረው፤ ጀርባው ሲራመድ እራመዳለሁ፣ ሲቆም እቆማለሁ፣ ተራዬም ሲደርስ ሰው ይነግረኛል። ድረ ገጽዎ ጀርባ የለውም።

፪. ሁለተኛው ጉዳይ አረንጓዴው ነጥብ ነው። ጠያቂው ራሱ መሆኑ እንዲረጋገጥ ፊቱን ከካሜራው ፊት አድርጎ፣ ስክሪኑ ላይ የሚዘዋወረውን አረንጓዴ ነጥብ ለሃያ ሰከንድ በዓይኑ እንዲከተል ያዝዛሉ። ትእዛዙ በጽሑፍ ስለተቀመጠ ፕሮግራሜ ጥርት አድርጎ አነበበልኝ፤ ለዚህ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ነጥቡ ወዴት እንደሚሄድ ግን ነጥቡና እርስዎ ብቻ ታውቃላችሁ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ በየቀኑ ሞከርኩ። አራቱንም ቀን «ሕያው ሰው መሆንዎን ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚል መልስ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ እሑድ ላይ ግን ሰምቼው ራቴን ልሠራ ተነሣሁ።

፫. የእርዳታ ማዕከልዎን በተመለከተ። ስልኩ ላይ የተቀዳችው ሴትዮ ለፈጣን አገልግሎት ድረ ገጹን እንድጎበኝ መከረችኝ፤ ድምፅዋ ያማረ ነው። ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ኮምፒውተሬን ታቅፌ በአካል ሄድኩ። ባለሙያዋ በጥሩ መስተንግዶ ተቀበለችኝ፤ ነገር ግን እኔ የስክሪኑን መብራት ስለማልፈልገው አጥፍቼው ነው የምሠራውና፣ ጥቁሩን ስክሪን እንዳየች በቅድሚያ ኮምፒውተሩን እንዳበራ ጠየቀችኝ። በርቷል አልኳት። ፕሮግራሙም ጭኔ ላይ ሆኖ እየተናገረ ነበር። እሷ ግን ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ሶኬት ስትፈልግ፣ ገመድ ስትቀያይር፣ ባትሪው ሞቷል ብላ ስታዝን ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። በመጨረሻም የሚያይ ሰው ይዤ እንድመለስ በፈገግታ አሰናበተችኝ። ፈገግታውን ከድምፅዋ ነው ያወቅኩት።

፬. የሚያይ ሰው ይዞ መምጣት የሚለውን ምክር ተቀብዬ፣ ሰኞ ጠዋት ከቤቴ ሥር ሱቅ ያለውን ልብስ ሰፊ ጎረቤቴን ጠራሁት። ድረ ገጽዎ ላይ ፕሮግራሜ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» እያለ ስም የሌላቸውን መጫኛዎች ሲቆጥር ሰምቶ፣ እሱ ሱቅ ውስጥ እንኳ ይህን ያህል ቁልፍ እንደሌለ ነገረኝ። ከዚያ የኮሌታ ልክ እንደሚወስድ ሰው አገጬን በሁለት ጣቱ ያዘና፣ ነጥቡ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጭንቅላቴን ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ላይ እያዞረ ሃያውን ሰከንድ ጨረሰልኝ። ማሽንዎም ሕያው መሆኔን አመነ። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቀው ስለነበር «በይ አለፍሽ፣ የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ» ብሎኝ እየሮጠ ወረደ።

ክቡርነትዎ የቀረውን እንዲከታተሉልኝ እለምናለሁ፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ ነውና። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን መርጬ ላክሁ። የጥያቄዎቼን ዝርዝር ከፍቼ ሳስነብብ «ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጥያቄዎ ተመዝግቧል፣ ሥዕል» አለኝ። ከሐሙስ እስከ እሑድ ያሉት አራቱ ውድቅ የተደረጉ ጥያቄዎችም እያንዳንዳቸው «ጥያቄዎ ተመዝግቧል፣ ሥዕል» ነበር የሚሉት። ኋላ ሰው እንደነገረኝ ውድቅ የሆነው ጥያቄ በቀይ፣ የተፈቀደው በአረንጓዴ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ያለው ሥዕልም ለውድቁ የኤክስ ምልክት፣ ለተፈቀደው ደግሞ የመግቢያ ኮድ ነው። ፕሮግራሜ የሚያነብልኝ ፊደል ነው። ከፊደሉ ደግሞ አምስቱም አንድ ነበሩ። ስለዚህ ፊቴ ቢያልፍም ሰዓቱ በሌላ ሰው ተይዟል ብዬ አሰብኩና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ጎረቤቴ ሱቅ ለመውረድ አሥራ አንድ ደረጃ ነው። ወርጄ አንድ ጊዜ እይልኝ ማለት እችል ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ለልዩ ልዩ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ከመርፌው አስነሥቼው ስለነበር አራተኛውን አፈርኩ። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የራሴ ነው፣ ለማንም አላካፍለውም።

፭. ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮዬ ተቀምጬ፣ በአንድ አጥር ምክንያት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ክርክር እየገለበጥኩ ነበር። ረቡዕ ለቢሮዎ በኢሜይል አቤቱታ ጻፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጠራ፤ ከሆስፒታሉ ነበር፣ እናቴ ማረፏን አንድ ሰውዬ በተረጋጋ ድምፅ ነገረኝ። እዚህ ላይ ያለኝን ልዩ አድናቆት መግለጽ እወዳለሁ። ነጥብ ተከተዪ አላለኝም፣ ኮድ አልጠየቀኝም፣ ሥዕልም አልላከልኝም፤ በስሜ ጠርቶ በሰው አፍ ነው የነገረኝ። ለካስ ይህም መንገድ ነበራችሁ።

፮. ለረቡዑ አቤቱታዬ መልስ የደረሰኝ በዘጠነኛው ቀን፣ እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ለክቡርነትዎ ቢሮ የማይገባ ንግግር ስለሆነ አልለውም። ደብዳቤው በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ፎቶ ተነሥቶ ነው የተላከልኝ፤ ፕሮግራሜ ከፍቶ «ሥዕል» ብሎ ዝም አለ። የመዝገብ ቤቷን ባልደረባዬን እንድታነብልኝ ለመንኳት። እሷ ድምፅዋ ኮሪደር የሚሞላ ሴት ናት፤ «ቅሬታዎን ተመልክተናል» የሚለውን እንደ አዋጅ ካነበበችው በኋላ መሐል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ እያነሰ መጣ። ለማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ጥያቄዬ የተፈቀደ መሆኑን፣ እኔ ግን ቀጠሮ ይዤ ባለመቅረቤ የሌላ ጠያቂ ዕድል መዝጋቴን፣ በመመሪያውም መሠረት ለሃያ አንድ ቀን ከጥየቃ መታገዴን ይገልጻል። ባልደረባዬ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ይሁን ወንበሩን እንጃ፣ አንድ ነገር አስተካከለችና ሻይ ላምጣልሽ አለችኝ። ሄዳ ቆየች። እኔም የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ያን ቀን የገለበጥኩት ዘጠኝ ገጽ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም።

፯. ሰባተኛው ቅሬታ አይደለም፣ ለእውቀትዎ ያህል ነው። የእናቴን ዕቃ ለመረከብ ስሄድ ያስታመመቻት ነርስ አስቀምጣ አጫወተችኝ። ማክሰኞ ጠዋት የጠያቂዎች ዝርዝር ሲደርሳት፣ ልጅሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች ብላ ለእናቴ ነግራታለች። እናቴም ማበጠሪያ አስመጥታ ፀጉሯን አስበጥራለች፤ የአልጋው ብረት ጉልበቴን እንዳይመታኝ ወንበሩን ወደ በሩ በኩል አስዙራለች፤ ምሳዋን አብረን እንበላለን ብላ አስቆይታለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠብቃ፣ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ነርሷን ስትጠይቃት ነርሷ ዝርዝሩን አይታ «አልቀረበችም» የሚለውን አነበበችላት። እናቴም «ሥራ ይዟት ነው፣ እሷ እኮ ከሥራ አትቀርም» አለች አለችኝ። ከዚያ ምሳው ይነሣ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ክቡርነትዎ፣ ሰው ሲሞትበት የሚሰማው ነገር አለ ይባላል። ለእኔ የተሰማኝ የወንበሩ መዞር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አልተሰማኝም።

እንግዲህ ጊዜዎን ላለመሻማት ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። የመጀመሪያው፣ ከአረንጓዴው ቀለም አጠገብ «ጸድቋል» የሚል ቃል እንዲጻፍበት ነው። ቆጥሬዋለሁ፣ አራት ፊደል ነው። ብዙ ቦታ አይፈጅም፣ የገጹንም ውበት አያበላሽም፤ ለሚያይ ሰው ደግሞ ትርፍ ቢሆን እንጂ ጉዳት የለውም።

ሁለተኛው መዝገቡን ይመለከታል። በስሜ አንጻር የተጻፈው «አልቀረበችም» ይላል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቃል ወደ መዝገብ ሳስገባ የኖርኩ ነኝና፣ መዝገብ የገባ ቃል ባለቤቱ ከሞተም በኋላ እንደሚኖር አውቃለሁ። በእኛ ፍርድ ቤት አንድ ሰው ሳይቀርብ ሲቀር ዳኛው በመጀመሪያ የሚጠይቁት ጥሪው ደርሶታል ወይ ብለው ነው። ካልደረሰው «አልቀረበም» ተብሎ አይጻፍበትም፤ የሚጻፈው «መጥሪያ አልደረሰውም» ተብሎ ነው። ስለዚህ የእኔም ቃል ተሠርዞ «መጥሪያ አልደረሳትም» ተብሎ እንዲስተካከል በትሕትና አመለክታለሁ። እናቴ መጥታ አታነበውም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን እሷ ስለ እኔ በመጨረሻ የሰማችው ቃል እሱ ነውና፣ ቢያንስ ውሸት መሆኑ የሆነ ቦታ ይጻፍ።

እግዱን በተመለከተ ይነሣልኝ አልልም። ሃያ አንዱን ቀን ጨርሼዋለሁ፤ የምጠይቀውም ሰው የለኝም።

ሥራዎ እንዲቃናልዎ፣ ድረ ገጽዎም ከዚህ በላይ እንዲሰፋ፣ የሚወዱት ሰው ሲታመምብዎ በሩ ሳያንኳኩ እንዲከፈትልዎ እየተመኘሁ፣ ለደብዳቤዬ መልስ ካለዎት በፎቶ ሳይሆን በፊደል እንዲልኩልኝ በማክበር እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአልጋ ቁጥር አሥራ አራት ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልጨርስ ስል ከቢሮዎ አንድ መልእክት ደረሰኝ፤ ባገኘሁት አገልግሎት ምን ያህል እንደረካሁ ከአምስቱ ፊቶች አንዱን በመንካት እንድገልጽ ይጠይቃል። ፕሮግራሜ «ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል» ብሎ አነበበልኝ። ከመሐላቸው አንዱን ነካሁ፤ ወዲያው «ስለ እርካታዎ እናመሰግናለን» አለኝ፣ ይህኛው በጽሑፍ ነው። የሚስቀውን ነክቼ ከሆነ ያርሙልኝ።