የወይዘሮ ቺዩ ፀሐይ

ሁዋልየን፣ ታይዋን

ዪሩዬ ልጄ፣ የባሕር ጠባቂዋ አምላክ እናታችን ማዙ በሄድሽበት ባሕር ሁሉ ትቅደምልሽ፤ የሆላንድ ብርድ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አውሎ ነፋሱ የጓሮውን ዘይቱን ገነደሰው እንጂ ቤቱን አልነካም። መብራት ግን ሄዶ ሰነበተ።

መንደሩ በሙሉ የጎረፈው የት ይመስልሻል? ጎረቤታችን ወይዘሮ ቺዩ ቤት! ልጇ ከካናዳ መጥቶ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ስለተከለላት ንግሥት ሆናለች። ሰዉ ስልኩን እዚያ ቻርጅ እያደረገ ዓለምን ያስተዳድራል። ሽማግሌው ልያው፣ "ጦርነት መጥቶ ባሕሩን ከዘጉብን ለመብራት ማመንጫው ጋዝ የሚያመጣ መርከብ የለም፤ የኒውክሌር ማመንጫውን መዝጋታችን ጅልነት ነው" ይላሉ። እሷ ሻይ እየቀዳች፣ "እኔስ ፀሐይዬ አለችልኝ" ትላለች። ፀሐይን አምጣ የወለደቻት ይመስል!

ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ደጇን አልረግጥም ብዬ ነበር። ግን ስልኬ ዘጋ። አንቺ ደግሞ አውሎ ነፋሱን በዜና ሰምተሽ ትደውያለሽ ብዬ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሄድኩ።

የሷ ልጅ ከካናዳ በቪዲዮ ደወለ። ስልኩን በሁላችን ፊት እያዞረች አሳየችን። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ፣ "ያንቺዋስ?" አለችኝ።

"ሥራ ላይ ናት" አልኩ።

የኔ ስልክ በሷ ፀሐይ ጢም ብሎ ሞልቶ ጭጭ አለ።

መብራቱ ትናንት መጥቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ስልኬን ይዤ፣ "ቻርጅ ላድርግ" ብዬ እሷ ቤት መሄዴ አይቀርም። ዕድሜሽን ያርዝመው ልጄ፣ ያኔ ደውይልኝ። ጮክ ብለሽም አውሪ።

እናትሽ