ከአራተኛው ጠረጴዛ ላይ ስለተነሣው ቀይ ወረቀት

ለክቡር ዶክተር አንድርያስ
የሒሳብና ሳይንስ ቻርተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በሰላም፣ የትምህርት ቤቱንም ሕንፃ እንደቆመ እንዲያገኘው ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለወግ ያህል እንዳላስገባሁት ከዚህ በታች ይረዱልኛል።

ደሴ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪና ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ካናል ዊንቸስተር ከልጄ ጋር እኖራለሁ፤ ከመስከረም ወዲህም በእርስዎ መልካም ፈቃድ ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ ሙከራው በነፃ አግዛለሁ። ከዚህ በፊት በግል ሦስት ደብዳቤዎች ጽፌልዎት ለሦስቱም የምስጋና ወረቀት ልከውልኛል፤ የመጨረሻው ጠርዙ ወርቃማ ነው። ይህን አራተኛውን በአደባባይ የጻፍሁት ሌላ ምስጋና የምሰቅልበት ግድግዳ ስለሌለኝ ነው።

በመጀመሪያ የሚገባዎትን ላመስግን። ባለፈው ክረምት ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ አዳራሽ ተገኝተው ትምህርት ቤቱ ለልጆቻችን የሚሰጠውን ሲዘረዝሩ ማስታወሻ ይዤ ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ ላፕቶፕ፣ እስከ ካልኩለስ የሚደርስ ሒሳብ፣ የሮቦት ቡድን፣ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ኮርስ የሚወስዱበት አውቶቡስ፣ በመጨረሻም ጋዝ የተዘረጋለት እውነተኛ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ብለው ነበር። አንድ በአንድ አመሳክሬ አራቱ በትክክል መፈጸማቸውን አረጋግጫለሁ። ካልኩለሱ በተለይ እኔ ካስተማርሁት ይበልጣል፤ ይህን ስጽፍ ጥቂት ቅናት አለብኝ። ቅሬታዬ አምስተኛውን ብቻ ይመለከታል።

፩ኛ. በመስከረም ሁለተኛው ማክሰኞ አራተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ጋዝ ሸተተኝ። አፍንጫዬ አርጅቷል ብዬ የሳሙና ውኃ በመክፈቻው ላይ ቀባሁ፤ አረፋው ተነፋ፤ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተነፋ። ባመለከትሁ ማግስት የጋዝ ባለሙያ መጥቶ ዋናውን መስመር ዘጋና ሳይጠገን እንዳይከፈት የሚል ቀይ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አንጠለጠለ። ባለፈው ማክሰኞ ስገባ ወረቀቱ የለም። የኬሚስትሪ መምህሯ ከለቀቁ ወዲህ ትምህርቱ ከሌላ ስቴት በስክሪን ይሰጣል፤ ክፍሉን የሚጠብቀው ደግሞ የስፖርት አሠልጣኙ ልዑልቃል ነው። ተጠግኖ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ስለ ሪፔር ሲነሣ አልሰማሁም፤ ለብሮሹሩ ፎቶ ሲነሣ ቀዩ ያስጠላል ተባለና ነው የወረደው» አለኝ። ፎቶው በእርግጥ አምሯል። አይቼዋለሁ።

፪ኛ. ልብሱ በእሳት የተያያዘ ልጅ የሚሮጥበትን የአደጋ ጊዜ ሻወር እጀታ ሳብሁ። ውኃ አልወረደም፤ አቧራ ወረደ።

፫ኛ. ልጆች በምሳ ሰዓት እንዳይወጡ ተብሎ የቤተ ሙከራው የኋላ በር በሰንሰለት ታስሯል። ስለ ሥነ ሥርዓት ያለዎትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ሆኖም ክፍሉ ሁለት በር ብቻ እንዳለው፣ አራተኛው ጠረጴዛም ከፊተኛው በር ጎን እንደቆመ ስቆጥር፣ እሳቱ ከዚያ ቢነሣ ሃያ ሁለት ተማሪ በየት እንደሚወጣ ስሌቱ አልመጣልኝም። ሒሳብ አስተማሪ ነበርሁ፤ ምናልባት ዘንግቼው ይሆናል።

፬ኛ. ስለ ፈቃድ ቅጹ። ጎረቤቴ ፋጡማ ኢስተን አካባቢ ሆቴል ስትሠራ ቆይታ አሁን ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ገብታለች። ልጇ ሐናን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎ ናት፤ በኬሚስትሪ አንደኛ። ፋጡማ በምዝገባው ቀን እንደ አገራችን ወግ «ሥጋዋ የእርስዎ፣ አጥንቷ የእኔ» ብላ ስታስረክብዎ ስቀው አደራዋን ተቀብለዋል። አባባሉ የሚናገረው ስለ መምህር አርጩሜ ነው፤ ቃል በቃል እንዳይወሰድ በትሕትና አሳስባለሁ። ባለፈው ሳምንት ለመጪው ቅዳሜ ትርኢት የላኩላትን የእንግሊዝኛ ቅጽም ሳታነብ ፈርማለች፤ ከመምህር የመጣ ወረቀት ምን ይላል ብሎ መጠየቅ መምህሩን መጠርጠር ይመስላታል። የቀሩት ሃያ አንዱም ወላጆች እንዲሁ ፈርመዋል። ቅጹ ልጆቹ የደኅንነት ሥልጠና እንደወሰዱና ለሚደርሰው አደጋ ኃላፊው ቤተሰቡ እንደሆነ ይገልጻል። ሥልጠናው የተሰጠበትን ቀን በቤተ ሙከራው መዝገብ ፈልጌ አጣሁ። እንዲህ ያለ መተማመን በየትኛውም አገር በቀላሉ አይገኝም፤ እንዳገኙት እንኳን ደስ አለዎት።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ። ለአዲስ ወላጆች በሚደረገው ጉብኝት ተማሪዎች በርነር የሚባለውን የጋዝ ማንደጃ ለኩሰው የጨዎችን ነበልባል በቀለም በቀለሙ እንደሚያሳዩ፣ ዋናው የጋዝ መስመርም ለዚያ ሲባል እንደሚከፈት ፕሮግራሙ ይናገራል። ሐናን የተመደበችው አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከመግቢያው ጎን ስለሆነ ጎበዝ ተማሪ ይቁምበት ተብሎ። እንዳትቆም ነገርኋት። መልሷን እንዳለ አሰፍራለሁ፤ ከእኔ ሁሉ ደብዳቤ ይልቅ እሱ ይከብዳልና፦

«ጋሼ፣ ፕሊስ አትጻፍባቸው። ለዩኒቨርሲቲ ሬኮመንዴሽን ደብዳቤዬን የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው።»

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበልባሉንና የእርስዎን ብዕር መዝና ብዕሩን ፈራች። ትምህርት ቤቱ ይህንንም እንደሚያስተምር በብሮሹሩ አልተጠቀሰም።

የምለምነው ጥቂት ነው፦ መስመሩ በባለሙያ ይጠገን፣ በሩ ይከፈት፣ ሻወሩ ውኃ ይኑረው። እስከ ዓርብ ካልተቻለ በቅዳሜው ትርኢት እሳት አይኑር፤ ልጆቹ ሮቦታቸውን ያሳዩ፤ ያምራል። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመልክቻለሁ፤ ተቆጣጣሪው የሚመጣው ሰኞ ነው። ለወላጆችም በየቤቱ ደውያለሁ። ከሃያ ሁለቱ ዐሥራ አራቱን አግኝቻለሁ። ስምንቱ አላነሡም፤ አብዛኞቹ ሥራ ላይ ስልክ መያዝ የማይፈቀድላቸው ናቸው። ይህን ደብዳቤ በየሱቁና በየመስጊዱ በር የለጠፍሁት ለእነዚያ ስምንቱ ነው። ከሥራ ወጥተው ዳቦ ሊገዙ ሲገቡ ያዩት ይሆናል። ላያዩትም ይችላሉ።

ለደግነትዎ፣ ለፈገግታዎና ለምስጋና ወረቀቶችዎ እጅ እየነሣሁ፣ ሰኞ ጠዋትም ለአምስተኛ ደብዳቤ ምክንያት እንዳይሰጡኝ እየተማፀንሁ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ጣሰው ይመር
ጡረተኛ መምህር፣ ካናል ዊንቸስተር

ማስታወሻ፦ ፋጡማ ቅጹን ዛሬ ቃል በቃል ተርጉሜላት ፊርማዋን በጽሑፍ ሰርዛለች፤ ሐናን አኩርፋኛለች፤ ቅዳሜ አትመጣም። ስለዚህ አራተኛው ጠረጴዛ ሰው የለውም። ለሦስተኛው ደብዳቤዬ በላኩት ባለ ወርቃማ ጠርዝ የምስጋና ወረቀት ጠረጴዛው ፍጹም አስተማማኝ መሆኑን በፊርማዎ ያረጋገጡልኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ በርነሩን የመለኮስ ክብር ለሌላ ሰው ልጅ እንዳይተላለፍ አደራ እላለሁ። ከመለኮስዎ በፊት ግን ልጆቹን ያስወጡልን።