ለተቀየረልን ባዶ ዲስክ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የደንበኞች አገልግሎት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፡- የተበላሸው ሃርድ ዲስካችን ከነብልሽቱ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሚመች ወንበርና በማይቆራረጥ ኔትወርክ ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በአካል ቀርቤ እጅ ልነሣዎ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩና ስብሰባውም ስለ ደንበኞች እርካታ መሆኑን ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ፣ ረክቼ ከምረብሽዎ ሳልረካ በአደባባይ ብጽፍልዎ ይሻላል ብያለሁ።

በቅድሚያ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። እናቴ በሕይወት ሳለች የአባቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ። አባቴ ደግሞ ጋዜጣ ካላነበበ ቀኑ የማይነጋለት ሰው ነው። እናቴ ጠዋት ሥራ ስለምትገባ፣ ማለዳ ተነሥታ ጋዜጣውን ጮክ ብላ እያነበበች በቤታችን ኮምፒውተር ላይ ትቀዳለት፣ እሱም ረፋዱ ላይ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ይሰማት ነበር። የሚጫነውን ቦታ በዳበሳ እንዲያገኘው ከአሮጌ ሸሚዙ ላይ አንድ ቁልፍ በጥሳ ኪቦርዱ ላይ ለጥፋለታለች። የሷ ንባብ እንደ ዜና አንባቢዎች አልነበረም። ባለሥልጣን ሲናገር መሐል ላይ ቆም ብላ «አይ ውሸት!» ትላለች፣ ስፖርቱን ከመጀመሯ በፊት መድኃኒቱን መዋጡን ትጠይቀዋለች፣ የሐዘን ማስታወቂያ ገጽ ላይ ስትደርስ ደግሞ ይህ ለኛ አይሆንም ብላ ታልፈዋለች።

እሷ ካረፈች ወዲህ አባቴ በየቀኑ አንድ አንድ ጋዜጣ ሲሰማ ኖሯል። ዜናው ከከረመ ቆይቷል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ ሲወጣ አግኝቼው ምነው ስለው፣ ዝናብ አለ ብላለች እኮ አለኝ። መሞቷን አሳምሮ ያውቃል፤ ቀብሯ ላይ ቆሟል። ግን ከሷና ከኔ ማንን ማመን እንዳለበትም ያውቃል።

ያ ሁሉ ንባብ ያለው ከመሥሪያ ቤትዎ በገዛነው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ለምን ሌላ ቦታ እንዳልገለበጥኩት ሠራተኞችዎ በየተራ ጠይቀውኛል። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ፤ እኔም ራሴን ይህንኑ ስጠይቅ ነው የምውለው። አሁን፣ በፈቃድዎ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት በጀመረበትና የእናቴ ድምፅ ቃል መሐል ላይ እየተያዘ ባስቸገረበት ቀን ወደ ነጻ የስልክ መስመርዎ ደወልኩ። ሙዚቃችሁን ጠግቤ ከሰማሁ በኋላ አንዲት ትሑት ሠራተኛ አጥፍቼ እንዳበራው መከረችኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሌላው ደግሞ ገመዱን ነቅዬ እንድሰካና አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ። ሦስተኛው ከሁለቱ የተለየ ሐሳብ እንዳለው ገልጾልኝ ስለነበር ተስፋ አድርጌ ጠበቅሁት፤ ለየት ያለው ነገር ካጠፋሁ በኋላ ትንሽ ቆይቼ እንዳበራው ማለቱ ነው።

፪ኛ. ቀጥሎ በስልኩ የመጣው ባለሙያዎ ዲስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲመረመር አዘዘ። የታመመን ሰው ጤንነቱን ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ሩጥ እንደ ማለት መሆኑ ያኔ አልገባኝም፤ ባለሙያ ያለውን ማድረግ ነው የለመድነው። ሲመሽ ቀጭታው ወደ ፍጭት ተለውጦ ኮምፒውተሩ መነሣት እምቢ አለ። ደውዬ ስነግረው ምርመራው የተሳካ መሆኑንና ዲስኩ ችግር እንዳለበት መረጋገጡን አበሠረኝ።

፫ኛ. ማስረጃ እንዲሆን የስክሪኑን ፎቶ እንድልክ ተጠየቅሁ። ስክሪኑ ጥቁር ነበር፤ ጥቁሩን አንስቼ ላክሁ። ፎቶው ግልጽ ስላልሆነ ሌላ እንድልክ ተነገረኝ። በብርሃን አዙሬ ሌላ ጥቁር ላክሁ።

፬ኛ. ይህኛው ቅሬታ በባለቤቴ ወንድም ላይ ነው፤ እሱም የተሳሳተው እናንተን አምኖ ስለሆነ እባክዎ አብራችሁ ተካፈሉት። ሰፈራችን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ፍጭቱን እንደሰማ እንዳታበሩት፣ እንዳትነካኩት፣ እንዲህ ያለውን ከፍተው በውስጡ ያለውን የሚያወጡ ሰዎች ስላሉ እነሱን ፈልጉ ብሎን ነበር። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ አስፈትቼ በፎጣ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩትና ሰዎቹን ማፈላለግ ጀመርኩ። የባለቤቴን ወንድም ቤተሰቡ «ፈጥኖ ደራሽ» ብሎ ይጠራዋል። ሳይጠሩት ይደርሳል፤ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። የዋስትናው ጊዜ አለማለፉን ከባለቤቴ ሰምቶ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ዲስኩን ከፎጣው አውጥቶ አስረከባችሁ። በምትኩ አዲስ ተቀብሎ፣ የሚይዘውም ልክ የድሮውን ያህል መሆኑን እየደጋገመ ይዞልኝ መጣ። አልተቆጣሁትም። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ቢያዩት እርስዎም አይቆጡትም ነበር።

፭ኛ. በማግስቱ በጠዋት መስኮታችሁ ሥር ተገኘሁ። የመስኮቱ ሠራተኛ በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ የተበላሸ ሰጥተው የሚሠራ ተቀብለዋል፣ ታዲያ ምን ጎደለብዎ ጌታዬ አለኝ። ውስጡ ያለውን ብዬ መለስኩ። ውስጡ ያለው በዋስትናው እንደማይሸፈን ነገረኝ። ከጀርባው መደርደሪያ ላይ፣ ክፍት ካርቶን ውስጥ፣ ቁጥር የተለጠፈባቸው አሮጌ ዲስኮች ተደርድረው አይቼአለሁ። የኛም እዚያ ነበር፤ መስታወቱ ባይኖር በእጄ የሚደረስ ነው። ጉዳዩ ስለተዘጋ እንደማይከፈት፣ አሮጌዎቹም በወሩ መጨረሻ የደንበኛው ምስጢር እንዳይወጣ ተብሎ ማሽን ውስጥ ገብተው እንደሚደቁ በትሕትና አስረዳኝ። ቀዝቃዛ ውኃም ሰጥታችሁኛል። ለምስጢራችን ስለተጨነቃችሁም አመሰግናለሁ። ምስጢራችን ባጭሩ ይህ ነው፤ አንዲት ሴት ባሏን መድኃኒትህን ውጠሃል ወይ ትላለች።

ልጮህ አልቻልኩም፤ የሚጮህበት ክፉ ሰው አጥቼ ነው። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም ፈገግተኛ፣ ሁሉም ትእዛዝ አክባሪ ነበር። ከኋላዬ ያለው ተራ ጠባቂ ቶሎ በል እንደ ማለት ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ ለሱም ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

፮ኛ. ቤት ሳልደርስ ጉዳዬ በሚገባ መፈጸሙን የሚያበሥርና ለአገልግሎታችሁ ስንት ኮከብ እንደምሰጥ የሚጠይቅ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ። አምስቱንም ሰጥቻለሁ። ዲስኩን እንዳታደቁብኝ ፈርቼ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ከሁሉም ቀላሉን ነው። የሚሠራውን ዲስክ ውሰዱና የማይሠራውን መልሱልኝ። ዋስትናው ይቅርብኝ። ይጠገን አልልም፣ ይቅርታ ጠይቁኝም አልልም፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት መስኮት ሌላ ከሆነ ተራ ለመያዝ አቅም የለኝም። ከማሽኑ በፊት አንድ ሰው ካርቶኑ ውስጥ እጁን እንዲያስገባ ብቻ ይዘዙልኝ። በውስጡ ያለው ይውጣ አይውጣ አላውቅም። ያልሆነ እንደሆነም፣ ቢያንስ እኛ ቤት፣ በፎጣው ውስጥ ይረፍ።

ባዶ ሆኖ የሚሠራው በኔ እጅ፣ ሙሉ ሆኖ የተበላሸው በእርስዎ እጅ እንዳለ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣

ጉዳዩ የተዘጋበት ደንበኛዎ

ግልባጭ፡-
ለባለቤቴ ወንድም (አንብበህ ምንም እንዳታደርግ)

ድኅረ ጽሑፍ፡- አዲሱ ዲስክ አንዳች እንከን የለውም፤ ድምፅ እንኳ አያሰማም። ፈጥኖ ደራሽ ያመጣው ዕለት እዚያው ገጥሞልናል። አባቴ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሰምቶ ግድግዳውን እየዳበሰ መጣና ተቀመጠ። ጆሮ ማዳመጫውን አደረገ፤ የሸሚዙንም ቁልፍ ፈልጎ ተጫነ። ብዙ ጠበቀ። ከዚያ ማዳመጫውን ካንድ ጆሮው ገለጥ አድርጎ፣ ዛሬስ ዝም ብላለች፣ ማን ነው ያስቀየማት ብሎ ጠየቀኝ። ለክብርዎ ስል ስምዎን እስካሁን አልነገርኩትም።