«የስ» ብዬ ስላሳፈርኩዎ ሊፍት

ለተከበሩ የሆቴላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ይህ ግልጽ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ትንፋሽዎም ደረጃው ላይ ሳይቆራረጥ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሊፍት ጥገና ሠራተኛዎ፣ ከሥራ ታግጄም ቢሆን ደህና ነኝ።

በሥራ ሰዓት ከእንግሊዝኛ በቀር እንዳይነገር ያወጡትን መመሪያ በደስታ ከተቀበሉት አንዱ ነበርኩ። እርስዎም እኔም ከእናታችን ጡት ጋር የጠጣነውን ቋንቋ በር ላይ ለዘበኛው አስረክበን መግባታችን እንግዶቻችንን እንደሚያስደስት አልጠራጠርም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፦ ባለፈው ሰኞ ክራቫትዎን እያስተካከሉ መጥተው «ሃቭንት ዩ ፊክስድ ዘ ሊፍት የት?» አሉኝ። እስከ ሊፍቱ ድረስ ያለው ገብቶኛል፤ አልጠገንከውም ወይ ማለትዎ ነው። በአማርኛ እንዲህ የተጠየቀ ሰው ካልጠገነ «አዎ» ይላል፤ አዎ፣ አልጠገንኩትም። እኔም መመሪያዎን አክብሬ «አዎ»ን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩና «የስ» አልኩ። ለካ በእንግሊዝኛ «የስ» ማለት ጠግኜዋለሁ ማለት ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ይደረግ።

ሁለተኛ፦ የጥያቄዎ ጭራ ላይ ያለችው «የት» በእንግሊዝኛ «እስካሁን» ማለት እንደሆነች የነገረኝ አልነበረም። «ሊፍት የት?» ሲሉኝ፣ በየቀኑ የሚመላለሱበትን ሊፍት መርሳትዎ ቢያስደነግጠኝም፣ በትሕትና እጄን ዘርግቼ አሳየሁዎ። እርስዎም አመስግነውኝ ገቡ።

ሦስተኛ፦ ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መካከል ሲቆም እርዳታ የጠየቁት እጅግ ባማረ አማርኛ ነበር። መመሪያውን የጣሰ እንደሚቀጣ ስለማውቅ ያልሰማሁ መስዬ ልሸፍንልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን አንጀቴ አልቻለም፤ የሊፍቱን ሞተር በእጅ እያዞርኩ አወረድኩዎ። ይህን ውለታ አስበው ይመስለኛል በማግስቱ ያገዱኝ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋም አስጠርተው «ዩ ሃቭ ኖት ቢን ፋየርድ የት» አሉኝ። አሁን ቃሏን ስላወቅኳት ተረዳሁ፤ አልተባረርክም፣ እስካሁን ግን ማለታቸው ነው። አልተባረርኩም፣ አልተመለስኩምም። ባለቤቴ ይህንን ከነገርኳት ወዲህ ልጆቹን እያየች «የት እንገባለን?» ትለኛለች። ይቺኛዋ «የት» የአማርኛዋ ናት። አልደብቅዎም፣ ፈርቻለሁ።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ በዚህ ሁሉ መካከል እንግሊዝኛ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። ዓርብ ጉዳዬን የሚያየው የዲሲፕሊን ኮሚቴ እንጀራዬን የሚቆርጥም ከሆነ፣ ጥያቄውን ሁላችንም በምናውቀው ቋንቋ ጠይቆኝ ይቁረጠው።

ሥልጣንዎ ከፎቅ ወደ ፎቅ ያለ አንዳች መቆም ከፍ እንዲል እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

እስካሁን ያልተባረረው ታማኝ ሠራተኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴው የግድ በእንግሊዝኛ ይሁን ካለም አልከራከርም። «ሥራ አስኪያጁን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅክም ወይ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀኝ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ «የስ» እላለሁ። እርስዎ በእንግሊዝኛ ይስሙት፤ እኔ የምለው በአማርኛ ነው።