ጥቅምት ሠላሳ

ደባርቅ፣ ግንቦት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለስመኝ፣

የአዲ አርቃይ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ? እኔ ጤና ነኝ፤ ቁጭ ማለት ብቻ አልሆነልኝም። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ስንቴ ተነስቼ በር ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። ስልክ ስለማታነሺ በሹፌሩ በባሽር እጅ ልኬልሻለሁ።

ነገሩ የዝውውርሽ ነው። ወደ ደባርቅ ያለው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሳምንት የእኛ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በቅጥር ቀን ቅድሚያ ባወጣው ዝርዝር አንደኛ መውጣትሽን ሳይ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አልጋውን ሳይቀር አንቺ ወደምትወጂው ጥግ አዞርኩት። መልእክት ስልክልሽ "እሺ" ብቻ ብለሽ መለስሽ።

ማክሰኞ ሁለተኛ የወጣው መምህር ማዕረግ ከደረስጌ መጣ። "እኔ የተቀጠርኩት ጥቅምት 30 ነው፤ ኅዳር 2 ያለው ማን ነው?" አለ። አለቃችን አቶ ውዱ ቀና እንኳ ሳይል "ኮምፒውተሩ ነዋ" ብሎ ሸኘው። አንቺ የተቀጠርሽው በዚያው ዓመት ኅዳር 1 ነው። እኔም እንዳልሰማ ወረቀቴን ማገላበጥ ቀጠልኩ። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ግን እኔ ቀረሁ።

ተራውን የሚያወጣውን ፕሮግራም ከፍቼ አየሁት። የሠራው ሰው ወሩን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚያስቆጥረው፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ የእነሱ ሁለተኛ ወር ደግሞ ያለው ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 30 ሲገባለት የተረፈውን ቀን ወደፊት ገፍቶ ኅዳር 2 ያደርገዋል። አንድ መስመር ቢቀየር ይስተካከላል። ይህን ኮድ ከፍቶ የሚያነብ ከእኔ ሌላ እዚህ የለም፤ ብተወው ማንም አያውቅም ነበር።

ስቁነጠነጥ ሰነበትኩ። አቶ ውዱ "ምን ነካህ፣ ወንበሩ ይቆረቁርሃል እንዴ?" ይለኛል። ዛሬ ጠዋት አስተካከልኩት። ማዕረግ አንደኛ፣ አንቺ ሁለተኛ ሆናችኋል። ሌላ ዝውውር እንግዲህ ለከርሞ ነው።

ለምን ሳትጠይቀኝ ትይኛለሽ። ብጠይቅሽ "አስተካክለው" እንደምትይኝ አውቃለሁ። እኔ ግን "ተወው፣ ልምጣበት" እንድትይኝ ነበር የፈለግኩት። ይህን ከአፍሽ አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን አንብበሽ ከከፋሽ ለባሽር ንገሪው፤ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሊማሊሞን ወርጄ እመጣለሁ። እፎይ ካልሽ ግን አትንገሪኝ።

ማርያም በምትውይበትም በምታድሪበትም ከአጠገብሽ አትለይ።

ያንቺው
ኪዳኑ