የምትፈሪያቸው ነገሮች ዝርዝር

ውድ ጭምቴ፣

በሚቀጥለው ወር አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላሻል። ያን ጊዜ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው ፋይልሽን እንድታነቢ ይፈቅድልሻል። እዚያ ውስጥ በእኔ ፊርማ የተጻፈ አንድ ገጽ አለ። «የልጅቷ ጠባይ ከአሳዳጊዋ አቅም በላይ ሆኗል፤ ውሸትም ታበዛለች» ይላል። ያንን ከማንበብሽ በፊት እውነቱን ከእኔው እጅ እንድታገኚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ይቅርታ ልለምንሽ አይደለም። እሱን የመለመን ፊት የለኝም።

እኔ ቤት ስትመጪ ስምንት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ እናትሽን ሲገድላት አንቺ እሷ ቀድማ የደበቀችሽበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበርሽ። ሁሉንም ሰምተሻል። አባትሽ እስር ቤት ገባ፣ እህቴ አፈር ለበሰች፣ አንቺ ደግሞ አንድ ፌስታል ልብስ ይዘሽ የስፌት ማሽኔ ካለበት ክፍል መሃል ቆምሽ። እኔ ወልጄ አላውቅም። የማውቀው የተማሪ ዩኒፎርም መቁረጥና መስፋት ነው።

አትናገሪም፣ አታለቅሺም። ዳቦ ትራስ ሥር ትደብቂያለሽ። ፍራሹን ታረጥቢያለሽ። ደንበኛ በሩን ጠንከር አድርጎ ካንኳኳ ከማሽኑ ሥር ትገቢና ፔዳሉን በሁለት እጅሽ ጨምድደሽ ትይዣለሽ። ግራ ሲገባኝ ቢሮው ሥልጠና ላከኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው አዳራሽ። ክፉ ነገር ያየ ልጅ የምናሳድግ አሥራ አራት ሰዎች የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንኮለኮላለን። አሰልጣኟ ድምፅዋ የሻከረ ረጅም ሴት ናት። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንድ ጡረተኛ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ብድግ ብለው፣

«እኔ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ። አሁን በስተርጅና ልጅ ማሳደግ ልማር?» አሉ።

«ሰባቱ ይጠይቁዎታል?» አለቻቸው።

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «አንደኛዋ አልፎ አልፎ ትደውላለች።»

«እንግዲያው እንማር» አለች። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ። ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባዶ ወረቀት አደለችን። «ልጃችሁ የሚፈራውን ነገር ሁሉ ጻፉ። የምትጠብቁት ከምን እንደሆነ ካላወቃችሁ መጠበቅ አትችሉም።» እኔ ሰባት ነገር ጻፍኩ። ጮክ ያለ የወንድ ድምፅ። ከኋላ መነካት። ሳልነግራት መሄድ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሄድኩና ከሁሉም በላይ፣ ራሱ ወረቀቱ አናት ላይ፣ «ቁም ሳጥን» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፌ ጡት ማስያዣዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐቁን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ለደግ ነገር ተጠቀምኩበት። ቁም ሳጥኔን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩትና ልብሴን ካርቶን ውስጥ አደረግኩ። ክር ልገዛ ስወጣ «አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ» እልሻለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ። በአራተኛው ወር ፍራሹ ደረቀ። በአምስተኛው ሳቅሽን ሰማሁ፤ ጠመኔዬን አፍንጫሽ ላይ ቀብተሽ በመስታወት ራስሽን እያየሽ ነበር። ከዚያ መልስ መስጠት ጀመርሽ፣ እምቢ ማለት ጀመርሽ፣ መርፌዎቼን ትደብቂ ጀመር። ለአሰልጣኟ ስነግራት፣

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አለችኝ። «ልጅ የሚያስቸግረው አይጥለኝም ያለውን ሰው ነው።»

ከዚያ የሙሽራዋ ቀሚስ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሌላ ከተማ ወስጄ ላስረክብ ነበር፣ ሁለት ቀን። ለጎረቤቴ እንድትይዝሽ ነግሬያታለሁ፤ ለአንቺ ግን መንገር ረሳሁ። በስልክ ስነጋገር ሰምተሽ ኖሯል። ከገበያ ስመለስ የቀሚሱ እጅጌ ከትከሻው እስከ አንጓው በመቀስ ተተልትሏል። መቀሱን እንደያዝሽ ቆመሻል።

«ለምን?» አልኩሽ።

«እንዳትሄጂ።»

ገብቶኛል፣ ጭምቴ። ያኔውኑ ገብቶኛል። ስድስት ወር ሙሉ የተማርኩት ይህንኑ ነበር። አልመታሁሽም። ልጅ እንደማይመታ ተምሬያለሁ። ቁም ሳጥኑን ይዤ መጎተት ጀመርኩ። ከባድ ነበር፤ ፊቱን ወደ ክፍሉ እስክመልሰው ሁለት ጊዜ አርፌያለሁ። ይህን የምነግርሽ በንዴት ሳላስበው ያደረግኩት እንዳይመስልሽ ነው።

«ግቢ» አልኩሽ።

«አክስቴ፣ ሌላ ነገር አድርጊኝ። ምቺኝ።»

ዘጋሁብሽ። ማሽኔ ጋ ቁጭ ብዬ እጅጌውን ፈታሁ፣ አዲስ ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ከውስጥ ኮሽታ አልነበረም። ስከፍትልሽ ላብ በላብ ሆነሽ ወጣሽና «ስለከፈትሽልኝ አመሰግናለሁ» አልሽኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዳንቺ ያለ ልጅ የለም። ሳይጠሩሽ አትመጪ፣ ሳይሰጡሽ አትበዪ። ደንበኞቼ «ምን ያለች ጨዋ ናት!» ይሉኛል። ጭምት ያልኩሽም ያኔ ነው። በቁም ሳጥኑ መዝጋቱን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እጄን በሩ ላይ ማሳረፍ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ደስም አለኝ። ቤቱ ፀጥ አለ፣ ሥራዬም ሰመረ። በሁለተኛው ጊዜ በሩን ስዘጋ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ፦ «ያኔ ብትጮሂ ጎረቤት ይደርስላት ነበር። እናትሽን የገደላት ያንቺ ዝምታ ነው። እንግዲህ አሁንም ዝም በይ።»

ሥልጠናው ሲያልቅ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ቀን ለምሳሌነት ተመርጬ ተናገርኩ። «አንድም ቀን እጄን አላነሳሁባትም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ለእኛም ይዘናቸው ለመጣናቸው ልጆችም ብስኩት ዞረ። አንቺ አንዱን አንስተሽ፣ ሳትቀምሺው፣ እኔን እኔን ታያለሽ። ጡረተኛው አጠገብሽ ነበሩ።

«ይህች ልጅ ጨዋ አይደለችም» አሉ ድንገት። «ፈርታ ነው። እኔ እንዲህ ያሉ ሰባት ነበሩኝ፣ አውቀዋለሁ።» እንደምንም ጎንበስ አሉና «ምን ያደርጉሻል፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁሽ።

«ቁም ሳጥን ውስጥ ታስገባኛለች» አልሽ፤ ሰዓት የተጠየቅሽ ያህል ቀዝቅዘሽ።

ሳቅኩኝ። በሰው ፊት ሳቅኩኝ። «ውሸት ለምዶባታል። እንዲህ ያሉ ልጆች ያለፈውን ካሁኑ እንደሚያምታቱ እዚሁ ተምረን የለ?» አልኩ። አሰልጣኟ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። በሳምንቱ ቢሮው መጥቶ ወሰደሽ፤ አብራን የሠለጠነች አንዲት ነርስ ዘንድ አስቀመጡሽ። ያንን ገጽ ሳይጠይቁኝ በፊት ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ስሜ እንዳይነሳ።

ከዚህ የሚብስ አለ። ፖሊሶቹ የእናትሽን ስልክ ያገኙት ካንቺ እጅ ነው። በዚያ ቀን ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ጊዜ ደውለሽልኛል። የደንበኛ ልኬት እየወሰድኩ ነበር። የእህቴን ስም አየሁና ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ስለ ባሏ ልታማርር ነው ብዬ ነው፤ ሰልችቶኝ ነበር።

ዝም አላልሽም። የደወልሽው ለእኔ ነው። «ዝምታሽ ገደላት» ብዬ ስዘጋብሽ «ደውዬልሽ ነበር» ማለት ትችዪ ነበር። አላልሽም። በአዳራሹም፣ ሁሉ ሰው ፊት፣ አላልሽም። ራርተሽልኝ ይሁን ፈርተሽኝ ዛሬም አላውቅም፤ ለመጠየቅም ደፍሬ አላውቅም። የምቀጣሽ ስለ ጠባይሽ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አንቺን ባየሁ ቁጥር የማየው ያንን ስልክ ነበር። ልዘጋው የፈለግኩት አፍሽን ነው።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ሄጄ ቃሌን አስቀየርኩ። ጸሐፊው «የድሮው ገጽ አይቀደድም፣ አዲሱ ከኋላው ይያያዛል» አለኝ። ስለዚህ ፋይሉን ስትከፍቺ መጀመሪያ የምታገኚው ውሸቴን ነው። ይህ ደብዳቤ እሱን እንዲቀድመው ነው የቸኮልኩት። ለፈለግሽው ሰው አሳዪው፤ በየትኛውም ቦታ ቃልሽን ስጪ ብትዪኝ መጥቼ እሰጣለሁ።

ለመጻፍ ያስቆረጠኝ አውቶቡሱ ውስጥ ያየሁሽ ዕለት ነው። ቀትር ላይ፣ ሰው እንደ ጉድ ተጨናንቋል። ተቀምጠሽ ነበር፤ አየሽኝና ተነሳሽ።

«ይቀመጡ።»

«ጭምቴ» አልኩሽ።

«አውቄዎታለሁ። ይቀመጡ፣ እግርዎ አብጧል።»

ቤቴ ውስጥ «አንቺ» ትይኝ ነበር፤ ስትቆጪም፣ ስትለምኚኝም። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና ሙቀትሽን እንደያዘ ነበር። ብረቱን ይዘሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታዪ ቆየሽ፤ ፌርማታሽ ሲደርስ ዞር ሳትዪ ወረድሽ። እኔ መውረጃዬን አልፌ መስመሩ እስከሚያልቅበት ሄድኩ፤ ሾፌሩ «እማማ፣ እዚህ ነው የሚያበቃው» ብሎ እስኪያስወርደኝ።

መልስ አልጠብቅም። ደግሜም አልጽፍልሽም። ደህና ሁኚ።

የእናትሽ ታናሽ እህት